ያላዘዙኝ ማሳረጊያ

በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር ውስጥ ቁም ሣጥን ውስጥ ገብታ የምትሠራ ሴት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ቀን መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነኝ፤ ከሥራ መልስ ለባለ ሱቆች ማስታወቂያ በካሴት እቀዳለሁ። ልብስ ሰፊው፣ ፎቶ ቤቱ፣ ሐይቁ ዳር ዓሣ የሚጠብሱት ሴትዮ ደንበኞቼ ነበሩ። ስቱዲዮዬ የእናቴ ቁም ሣጥን ነው። ልብሶቹ መካከል ጭንቅላቴን ከትቼ፣ ቴፑን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ላብ በላብ ሆኜ እናገራለሁ። ከሐይቁ ነፋስና ከመንገዱ ጫጫታ የምሸሸግበት ሌላ ቦታ ከየት ይምጣ?

ሙያዬ ማሳረጊያው ላይ ነው። «ጥሩ ልብስ እንሰፋለን» ማለት ማንም ይችላል። እኔ ግን መጨረሻ ላይ ሰውን ቀጥ አድርጋ የምታቆም አንዲት ዓረፍተ ነገር ከራሴ እጨምራለሁ፤ ባለ ሱቁ ሳያዝዘኝ። ለልብስ ሰፊው «ዛሬ ያልተለካ ለፋሲካ አሮጌውን ይለብሳል!» ብዬ ለቀቅሁለት። ከጢስ ዓባይ ለገበያ የመጣው ሁሉ በሩ ላይ ተሰለፈ። «አንቺ ልጅ፣ ምላስሽ ከመቀሴ ይበልጣል» አለኝ። ደስ አለኝ፤ ምን እዋሻለሁ።

መዘዙ፣ ሰልፉ ላይ የቀበሌያችን ሊቀ መንበርም ነበረ። ሱሪ ሊያሰፋ መጥቶ እኔን ይዞ ሄደ ማለት ይቻላል። ከዚያ ወዲያ የጽዳት ዘመቻው፣ የስኳር እደላው፣ ስብሰባው፣ ሁሉም በእኔ ድምፅ ሆነ። እምቢ አይባል ነገር! ቴፔ «ለጊዜው» ተብሎ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ገባ፤ ተከትዬው ገባሁ። ምሳ ሰዓቴ እዚያ፣ እሑዴ እዚያ። ጎረቤቶቼ ስመጣ ሲያዩኝ ወሬያቸውን ማቆም ጀመሩ። አንገበገበኝ። ምን አደረግኋቸው? መናገር እንጂ!

እንዲህ ታንቄ ሳለሁ ከአዲስ አበባ ደብዳቤ መጣልኝ። ቀደም ብዬ ያመለከትሁበት ሬዲዮ ጣቢያ ማክሰኞ ጧት ለድምፅ ፈተና ቅረቢ ይላል። መውጫዬ ይኸው ነበር፣ ሌላ አልነበረኝም። ግን ያለ ቀበሌ የይለፍ ወረቀት አውቶቡስ ላይ አይወጣም። ሊቀ መንበሩን ሦስት ጊዜ ለመንሁት።

«ጓድ፣ አንቺ ከሄድሽ ሕዝቡን ማን ይጠራልናል?» ይለኛል፣ አዲሱን ሱሪውን እያራገፈ።

ለአራተኛ ጊዜ ስሄድ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። «ጓድ ሊቀ መንበር፣ የሚያስፈልግዎትን ማስታወቂያ ሁሉ አንድ ካሴት ላይ ልቅዳልዎ። እርስዎ ማጫወት ብቻ ነው።» አሰበና እሺ አለ።

ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ቀዳሁ። የስብሰባው ተራ ሲደርስ «ሰው እንዳይቀር በይ» ብቻ ነው ያለኝ። ልማድ ክፉ ነው፤ አፌ እንደ ለመደው ማሳረጊያ ፈለገ። «ዛሬ ስብሰባ አለ፤ የሚቀር እንዳይኖር» አልሁና ጨመርሁበት፦ «ስብሰባው ሳያልቅ ማንም ከከተማ አይወጣም!»

ሊቀ መንበሩ ወደ ኋላ አጠንጥኖ ሁለት ጊዜ ሰማት። «ይቺ ናት!» አለና ወረቀቴን ፈርሞ ማኅተሙን ደቃበት። እየሮጥሁ ቤቴ ገባሁ።

እሑድ ማለዳ አውቶቡስ ላይ ነኝ። ያን ጊዜ መንገዱ ሁለት ቀን ይፈጃል፤ ዛሬ ካልተነሣሁ ለፈተናው አልደርስም። ሞተሩ ተነሥቷል፣ ረዳቱ በሩን ሊዘጋ ነው። በዚህ መሐል የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ተንኮሻኮሸና የእኔው ድምፅ ወጣ። ለካ ከክፍለ ሀገሩ ድንገት እንግዳ መጥቶ ስብሰባ ተጠርቶ ኖሯል! «...ማንም ከከተማ አይወጣም!»

ጠመንጃ ያነገተ የአብዮት ጥበቃ ዘው ብሎ ገባ። «ሁላችሁም ውረዱ!»

ወረቀቴን አሳየሁት። «ፈቃዱ የትናንት ነው፤ ማስታወቂያው የዛሬ» አለኝ።

ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ «ወንድሜ፣ እኔ እኮ ነኝ የተናገርሁት! ትእዛዝ አይደለም፤ ለማሳመሪያ ከራሴ የጨመርሁት ነው» አልሁት።

«እንግዲያው ከሁሉ ቀድመሽ ሰምተሻል» አለኝ ቀስ ብሎ። «ውረጂ።»

ወረድሁ። ከአንዲት እናት አጠገብ ሻንጣዬ ላይ ተቀመጥሁ። ደብረ ማርቆስ ያለች ልጃቸው ምጥ ይዟት ሊደርሱላት ነበር፤ ነጠላቸውን እያፋተጉ ያለቅሳሉ። አውቶቡሱ ሞተሩን አጠፋ። ካሴቱ ተጠንጥኖ እንደገና ጀመረ፤ አሁንም እንደገና። ደኅና አድርጌ ነበር የቀዳሁት፣ አንዲት ቃል እንኳ አልጠፋችም።

እሳቸው ማጉያውን ቀና ብለው አዩና ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። «አምላኬ፣ የዚህችን ሴት አንደበት ያዝልኝ!»

ከዚያ ዞር ብለው አዩኝ። አብሬያቸው እንድል ይጠብቃሉ።

«አሜን» አልሁ።