ሁለት ጣት ሙሉ

ስሙን አታውቀውም። ፈህሚያ አዘዞ ሚኒባስ መቆሚያው ዳር ካለው የጨርቅ ሱቋ ሆና፣ ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ የሚለምነውን አልቢኖ ሰውዬ ሁልጊዜ ታየዋለች። የከፋይ ዣንጥላው የሚያጠላው ለማርያም ሥዕል ነው፤ እሱ ከጎኗ ፀሐይ ላይ ይቆማል። ባርኔጣው ሰፊ ነው፣ እጅጌው እስከ ጣቶቹ ይወርዳል፣ የግራ ጆሮው ጫፍ ግን የለም።

በየሁለት ሰዓቱ ወደ ሱቋ ብቅ ሲል፣ ደንበኞች ሻሽ የሚሞክሩበትን መስታወት ወደ ደጅ ታዞርለታለች። የፀሐይ ቅባቱን ጨምቆ በሌባ ጣቱና በመሃል ጣቱ ላይ፣ ከሥር እስከ ጫፍ፣ ሁለት መስመር ያወጣል። የፊቱና የአንገቱ ልክ ይኸው ነው።

«ምነው አያ፣ አልበዛም?» አለችው አንድ ቀን።

ሳቀ። «እኔም በፊት እሳሳለት ነበር። መጀመሪያ ሐኪም ቤት የሰጡኝ ጊዜ፣ ቤተ ክርስቲያን እንደምንቀባው እምነት፣ ግንባሬ ላይ በመስቀል ምልክት ነካ አድርጌ እወጣለሁ። የተባረከ ነገር ጥቂቱ ይበቃል ብዬ! ግንባሬ ተረፈ፤ ጆሮዬን ግን ፀሐይ አቁስሎት ሐኪም ቆረጠው። ኋላ አንዲት ነርስ ጣቶቼን ይዛ ልኩን አሳየችኝ። እድሜ ይስጣት፣ ይኸው በሷ ምክንያት ፀሐይ ላይ ቆሜ እውላለሁ።»

ወዲያው መስታወቱን በዓይኑ አመለከተ። «አንችንም እግዜር ይስጥልኝ።»

«አሚን» አለች ፈህሚያ።

እሱም እንደ ሁልጊዜው ከጎደለው ጆሮ ጀመረ።