የአባቴ እምቢታ

የሚሊኒየሙ ዓመት ሊጠናቀቅ በተቃረበበት ክረምት በአባቴ ላይ የደረሰውን ዛሬ የምጽፈው፣ ታሪኩ በቤተሰባችን ዘንድ ተገልብጦ ስለሚነገር ነው።

አባቴ ካዛንቺስ፣ ከኡራኤል ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቅ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ልብስ እየሰፉ ያሳደጉኝ ሰው ነበሩ። ስኳር በሽታ ከያዛቸው ቆይቷል። እግራቸው ከመደንዘዙ የተነሣ የመርፌ ስባሪ ጫማቸው ውስጥ ገብቶ ሲወጋቸው እንኳ አልተሰማቸውም። ነገሩን የደረስንበት ክፍሏ መሽተት ስትጀምር ነው። ካልሲያቸውን ሳወልቅ የቀኝ እግራቸው አውራ ጣት ጠቁሯል።

«ጫማው ነው የሚሸተው፤ እኔ ምን አደረግሁ?» ብለው ሊያስቁኝ ሞከሩ።

ሆስፒታል ወሰድናቸው። ቀዶ ሐኪሙ ከመረመሯቸው በኋላ፣ እንደ አገሩ ልማድ፣ ለሕመምተኛው ሳይሆን ለእኛ ለቤተሰቦቹ ከክፍሉ ውጭ ነገሩን። ቁስሉ አጥንት ደርሷል፤ ሆኖም ደም ወደ እግሩ አሁንም በደንብ ስለሚወርድ ጣቱን ብቻ በመቁረጥ እግሩን ማትረፍ ይቻላል፤ ከዘገየ ግን ወደ ላይ ይወጣል አሉ።

እናቴ በሕይወት ስላልነበረች የመጨረሻውን ቃል የሚሰጡት የአባቴ ታላቅ ወንድም ነበሩ። አጎቴ ለገሃር አካባቢ የሚነግዱ፣ ወንድማቸውንም ከልብ የሚወዱ ሰው ናቸው። «እንመካከርበት» ብለው ሐኪሙን ሸኙ። ምክክር ግን አልነበረም።

«ወንድሜን በቁሙ አላስቆርጥም! ዛሬ ጣት ይላሉ፣ ነገ እግር ይላሉ። ደግሞስ ይህን ሰምቶ በድንጋጤ ቢሞት?»

«ጋሼ፣ ቢያንስ እሳቸው ይጠየቁ» አልኩ።

«አንተ ደግሞ መጽሐፍህን እዚያው አንብብ! ለታመመ ሰው መርዶ ይነገራል እንዴ? ትንፍሽ ብትልና አንድ ነገር ቢሆን፣ ደሙ በአንተ ላይ ነው።»

ወደ ክፍሉ ተመልሰው ለአባቴ «በመድኃኒት ይድናል ብለዋል» አሏቸው። አባቴም «ተመስገን» ብለው ከዘራቸውን ጠየቁ።

አጎቴ ቅጠል ወቅጦ ከሚሸጥ ሰው ዘንድ መድኃኒት አመጡና በየዕለቱ በገዛ እጃቸው እያጠቡ ያስሩላቸው ጀመር። እጃቸው ርኅሩኅ ነበር፤ ይህን መካድ አልችልም። ሳምንት ሳይሞላ ግን አባቴን ትኩሳት ጣላቸው፤ መቃዠትም ጀመሩ። ጥቁረቱ ከቁርጭምጭሚታቸው አለፈ። ተሸክመን ስንመልሳቸው ለምክክር የቀረ ጊዜ አልነበረም። አጎቴ ፈረሙ፤ የአባቴም እግር ከጉልበት በታች ተቆረጠ።

አባቴ ሲነቁ፣ ብርድ ልብሱ ጎድጎድ ያለበትን ቦታ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያም «ከእንግዲህ ሱሪዬ ሲሰፋ ጨርቅ ይተርፋል» አሉ።

በማግስቱ ሐኪሙ ሊጎበኟቸው መጡ። የድካምም የንዴትም መልክ ነበራቸው፤ ተመካክረን አባቴ እምቢ ያሉ መስሏቸዋል።

«አባት፣ ያን ጊዜ እሺ ብለውን ቢሆን እኮ የሚቆረጠው አንድ ጣት ብቻ ነበር። ለምን እምቢ ይላሉ?»

አባቴ ሐኪሙን አዩ፤ ቀጥለው ወንድማቸውን አዩ። አጎቴ የአልጋውን ብረት ጨብጠው አንገታቸውን ደፍተዋል። አባቴ ሁሉንም የተረዱት በዚያች ቅጽበት እንደሆነ ከፊታቸው አነበብኩ።

«ምን ላድርግ ዶክተር፣ ግትር ሰው ነኝ» አሉ በመጨረሻ። «እነሱማ ለምነውኝ ነበር።»

ሐኪሙ ራሳቸውን ነቅንቀው ወደሚቀጥለው አልጋ አለፉ።

አባቴ ዳግመኛ የስፌት መኪናቸው ላይ አልተቀመጡም። ቤት ከገቡ በኋላ አጎቴ ሊጠይቅ ለሚመጣው ሰው ሁሉ «ምን ይደረግ፣ ለምነነው እምቢ ብሎን!» ማለት ጀመሩ። አባቴ እዚያው ተቀምጠው ይሰማሉ፤ «እውነቱን ነው» ይላሉ።

አንድ ቀን ብቻችንን ስንሆን ለምን እንዲህ እንደሚያደርጉ ጠየቅኋቸው።

«እሱ በዚህ ዕድሜው ይህን ተሸክሞ የት ይደርሳል? እኔ እንደሆነ ተቀምጫለሁ» አሉኝ።

አባቴ ካረፉ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። በለቅሶው ድንኳን ውስጥም አጎቴ ያንኑ ቃል ለለቀስተኛው ደገሙት፤ እያለቀሱ። እንባቸው የሐሰት አልነበረም። እስከ ዛሬ የማይለቀኝም እርሱ ነው፦ የተናገሩትን ያምኑት ነበር። ዘመዶቻችንም ስለ አባቴ ሲነሣ «ደግ ሰው ነበር፤ ግትርነቱ ጎዳው እንጂ» ይላሉ።

የአባቴን ምሕረት አከብራለሁ፤ ልወርሰው ግን አልቻልኩም። አጎቴን በበዓል ቀን ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ፣ ጉልበታቸውን እስማለሁ፣ ይመርቁኛል፤ ምርቃቱን ሰምቼ «አሜን» እላለሁ፤ ልቤ ግን አብሮኝ አይልም። እሳቸው በሕይወት ሳሉ ይህን በቤተሰቡ ፊት ብናገር የአባቴን ቃል መሻር ይሆንብኛል። ስለዚህ ለማያውቁን አንባቢዎች ጻፍኩት።

አባቴ እምቢ አላሉም። የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።