ጭስ የተፈቀደለት ጎረቤታችን

የቤታችን አጥርና የዘይት ፋብሪካው አጥር አንድ ነበር። በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር ላይ ከፋብሪካ ጎን መኖር እንደ ሹመት ይቆጠራል፤ "እናንተማ መብራት አይጠፋባችሁ!" ይሉናል። እውነት ነው፣ መብራት አይጠፋብንም ነበር። የሚጠፋብን ፀሐይ ነው። ናፍጣ ሲቸግር የፋብሪካው ምድጃ በተቃጠለ የመኪና ዘይትና በአሮጌ ጎማ መንደድ ጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ ከጭስ ማውጫው የሚወጣው በቢላ ተቆርጦ እንደ ቅርጫ ሥጋ ሊከፋፈሉት የሚቻል ነገር ሆነ። ለፋሲካ ብዬ አስቀድሜ የገዛሁትን ነጭ ዶሮ በዓሉ ሲደርስ ገብስማ ሆኖ አገኘሁት።

ባለቤቴ ግን ቀለም በመቀየር አልተገላገለችም። ትስል ጀመር። መጀመሪያ ጧት ጧት፣ ቀጥሎ ቀኑን ሙሉ፣ በኋላ ተኝታም ጭምር። ሳሏ ከሦስት ሰፈር ውሻ ያስነሣል። ሐኪም ቤት ወሰድኋት፤ ሐኪሙ መርምሮ "አየር ቀይሪ" አላት።

"ከየትኛው ሱቅ?" ብላው ወጣች።

እፎይ የሚያሰኛት አንድ ነገር ብቻ ነበር። የባሕር ዛፍ ቅጠል ጓሮ ውስጥ በትልቅ ድስት ታፈላለች፣ ድስቱ ላይ አጎንብሳ ጋቢ ትከናነባለች፣ እንፋሎቱን ትምጋለች። የታጠነች ቀን ትተኛለች። ያልታጠነች ቀን ቁጭ ብላ ታድራለች፤ እኔም አብሬ።

የሰፈሩ ሰው ሁሉ በጭሱ ሲማረር ቀበሌው ስብሰባ ጠራ። ሊቀመንበሩ አዲስ የጭስ መመሪያ አነበበልን፦ ጭስ የጤና ጠንቅ በመሆኑ በግቢ ውስጥ እሳት ማንደድ፣ ቆሻሻ ማቃጠልና አረቄ ማውጣት ከዛሬ ጀምሮ ክልክል ነው። አጨበጨብን። ያጨበጨብነው ቀጥሎ የሚመጣውን እየጠበቅን ነው። ቀጥሎ የመጣ ግን የለም።

ጎረቤታችን መሪጌታ ተነሡ። "ፋብሪካውስ፣ ልጄ?"

"አባታችን፣ ፋብሪካው የምርት ድርጅት ስለሆነ ለጊዜው ከመመሪያው ነፃ ነው።"

"ለጊዜው ማለት እስከ መቼ ነው?"

"ምርቱ በቂ እስኪሆን።"

"ከምጽአት በፊት ነው በኋላ?" አሉና ተቀመጡ።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሳቁ ወዲያው ወደ ሳል ተለወጠና ስብሰባው በዚያው ተበተነ።

ሳምንቱ ሳይሞላ ጠመንጃ ያነገተ አብዮት ጠባቂ ጓሯችን ገባ። ያገኘው ጋቢ ነው፤ ከሥሩ የሚጨስ ጋቢ።

"ማነው እዚህ ውስጥ? ውጣ!"

"ትንሽ ታገሠኝ ወንድሜ፣ አሁን ከወጣሁ እንፋሎቱ ያመልጠኛል" አለው ጋቢው።

ጠባቂው ፊቱን አዞረ። የሚስቅ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እሱም እየሳለ ነው። እስክትወጣ ጠበቃት። ከዚያ "እትዬ፣ ምን ላድርግ፣ መመሪያ ነው" ብሎ ድስቱን ከነቅጠሉ እሳቱ ላይ ገለበጠው።

ቤት ውስጥ እንዳታፈላ የእንጨቱ ጭስ ራሱ ይፈጃታል፤ ጋዝ በራሽን ነው፣ ለወጥም አይበቃ። ቀበሌ ሄድሁ።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ለፋብሪካው ከተሰጠው ፈቃድ ለአንድ ድስት ቆንጥራችሁ ስጡኝ።"

"ድስቱ ምን ያመርታል?"

"እንቅልፍ።"

ጸሐፊው እስክሪብቶውን ጥሎ ሳቀ። ሊቀመንበሩም ሳቀ። "አንተ ሰውዬ፣ ቀልድህ አያልቅ! እንቅልፍ ምርት ነው እንዴ?"

"እንግዲያው ባለቤቴን መዝግቡልኝ። ሳል ታመርታለች፣ ያውም ከኮታ በላይ!"

ሊቀመንበሩ ሳቁን አቆመ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እኔም ቤት ሕፃኑ ሲስል ነው የሚያድረው" አለኝ። "ለፋብሪካው የፈቀድሁለት እኔ መሰልሁህ? ከላይ ነው የተፈቀደለት። እኔ የምችለው የናንተን ድስት መከልከል ብቻ ነው።"

ሌላ የምሄድበት ቢሮ አሰብሁ፤ አጣሁ።

በጀልባ ከጣና ማዶ ወደ ቁንዝላ፣ ወደ እኅቷ ቤት ወሰድኋት። ብዙም ሳይቆይ ሳሉ ለቀቃት። ልጠይቃት ስሄድ ከጀልባው ማረፊያ ሽቅብ ቀድማኝ እየወጣች፣ "ምነው ትጎተታለህ፣ ሽማግሌ?" አለችኝ። ደስ አለኝ። ሐዘኔም የጀመረው እዚያው ዳገት ላይ ነው፤ እንግዲህ ወደ ቤቷ እንደማትመለስ ገባኝ። እኔ ደግሞ እንጀራዬ ባሕር ዳር ነው። ዝውውር ጠየቅሁ፤ "የተመደብህበት ቦታ ግንባርህ ነው" ተባልሁ።

ጀልባ በተነሣ ቁጥር የምመጣ እንግዳ ባል ሆንሁ። በመጣሁ ቁጥር ግን ትስላለች። መጀመሪያ ከደስታ ብዛት ነው ብዬ ተኩራርቼ ነበር።

"ምን ደስታ ነው፣ ልብስህ ነው እንጂ! ጎማ ጎማ ትሸታለህ" አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ከጀልባ እንደወረድሁ ሐይቁ ውስጥ እገባለሁ። የተላጠ ድንች እስክመስል በሳሙና እፈተጋለሁ፤ ጉማሬዎቹ እንኳ ውሃው ጠቆረብን ብለው ቦታ ይለቁልኛል። እኅቷ ዘንድ ያስቀመጥሁትን ንጹሕ ልብስ እለብሳለሁ። ጥቂት ጊዜ ረዳን። በኋላ ያም አልሆነ። ጭሱ ፀጉሬ ውስጥ ይሁን፣ ቆዳዬ ውስጥ ይሁን፣ ትንፋሼ ውስጥ ይሁን አላውቅም። ላቅፋት ስጠጋ ፊቷን ታዞራለች፤ ጠልታኝ አይደለም፣ አየር ፍለጋ ነው።

አንድ ቀን ስደርስ ሁለት ዱካ አውጥታ ጠበቀችኝ፤ አንዱን ከበሩ ሥር፣ አንዱን ከወዲያ አጥር ሥር። እሷ ከበሩ፣ እኔ ከአጥሩ ተቀመጥን።

"መሪጌታ ደኅና ናቸው?" ብላ ጮኸች።

"ይስላሉ!"

"ፋብሪካውስ?"

"ለጊዜው ነፃ ነው!"

ጎረቤት የተጣላን ሳይመስለው አይቀርም። ሳቋን ሳትጨርስ ነፋሱ ዞረና ከእኔ ወደ እሷ ይነፍስ ጀመር። ደረቷን ያዘች። መናገር ስላቃታት በእጇ ወደ ሌላው የአጥር ጥግ አመለከተችኝ። ዱካዬን አንሥቼ፣ ነፋሱ ከእሷ ወደ እኔ በሚነፍስበት በኩል ሄድሁና ተቀመጥሁ።