የአበበ የፋሲካ በግ

ባለፈው እሑድ የወንድሜ የልጅ ልጅ ከዩኒቨርሲቲ መጥቶ ምሳ ስንበላ፣ ሴት ሆኖ ተወልዶ ወንድ ነኝ ያለ ሰው በስልኩ አሳየኝና ፊቱን አጨፈገገ።

«እምዬ፣ ይኼ እኮ ከፈረንጅ አገር የመጣ ነው። እኛ ዘንድ መቼ ነበረ?»

«ወይ አንተ! አበበን መች አየህና» አልኩት።

ያደግሁት ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ በጋፋት በኩል ነው። ጎረቤታችን እትዬ ጥሩ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ነበሩ። አንድያ ልጃቸው በሴት ስም ክርስትና ቢነሣም፣ ካደገ ወዲህ ቁምጣ ታጥቆ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ሆነ። ስሜ አበበ ነው አለ፤ እናቱም አበበ አሉት። አገሩ ከንፈሩን ይመጥ እንደሆን እንጂ አልነካውም። ወንፈል ሲሆን፣ ዛሬ የኔን ነገ ያንተን ተባብለው ሲያርሱ፣ ጉልበቱን የማይፈልግ አልነበረም።

ነገሩ ቢላዋ ላይ ሲደርስ ተበላሸ። በእኛ አገር ሴት አታርድም፤ ብታርድም አይበላላትም። ወንድ የሌለበት ቤት ለአንዲት ዶሮ እንኳ አላፊ አግዳሚ ይለምናል። የእትዬ ጥሩን በግ በየፋሲካው የሚያርዱላቸው አባቴ ነበሩ። እኔ ኮረዳ በሆንኩበት ዓመት ግን፣ «ዘንድሮስ ልጄ ያርድልኛል» ብለው መለሷቸው።

አበበ አማትቦ፣ በስመ አብ ብሎ አረደ። ጎረቤት ተጠራ። ማንም አልሄደም። ሰው ሁሉ በየደጃፉ ቆሞ፣ ማን ቀድሞ ይገባ ይሆን እያለ ይተያያል። ሁለት ወር ግድም የጾመ ሰው፣ የጥብሱ ሽታ እያወደው!

አባቴ ጋቢያቸውን ሲያነሡ እናቴ ጫፉን ያዘች።

«ኧረ በማርያም ተዉ! ነገ ይህችን ልጅ ማን ያገባታል?»

«ክረምቱን ሙሉ አብሬው ሳርስ ኖሬ፣ እጁ ዛሬ ነው የረከሰው?» አሉና እኔን አስከትለው ገቡ።

አበበ መደቡ ላይ አቀርቅሮ ተቀምጧል። ሌማቱ እንደሞላ ነው። አባቴ «እንኳን አደረሰህ» ብለው ቆርሰው ጎረሱ፤ እኔንም አጎረሱኝ። አበበ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰው። እትዬ ጥሩ «ብላ ልጄ፣ ሰው መጣልህ እኮ» ይሉታል።

ከእኛ በኋላ የገባ የለም። በዚያ ክረምት ለወንፈልም ከአባቴ በቀር የሚጠራው ጠፋ። እናቱ ካረፉ በኋላ በሬዎቹን ሸጦ በሐሙሲት በኩል ወረደ አሉ። ከዚያ ወዲያ ወሬውን የሰማ የለም።

ልጁ ስልኩን አስቀመጠ። «ቄሱ ከልክለው ነው፣ እምዬ?»

«የለም፣ ማንም አልከለከለም። አንዱ አንዱን ሲጠብቅ መሸ።»

ብዙ አስቤበታለሁ። ከአባቴ ቀጥሎ አንድ ሰው ቢነሣ ኖሮ ሁሉም ተከታትሎ ይገባ ነበር። ደግሞስ ደጎች ነበሩ። አንድ ጊዜ ታምሜ ልሞት ስል በቃሬዛ ደብረ ታቦር ድረስ የተሸከሙኝ እነሱው ናቸው። ክፉዎች ቢሆኑማ ኖሮ ይኼኔ ረስቼው ነበር።