እማማ ሰርካዲስና የመቅደሱ ግድግዳ

እማማ ሰርካዲስ እሺ ማለት የሚቸግራቸው ሴት ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት የሆስፒታል አንሶላ ሲያጥቡ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል፤ በዚያ ሁሉ ዘመን አለቃ ተለዋወጠ እንጂ እሳቸው አልተለወጡም። በደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ውስጥ አንድ ልጅ አልሰማም ካለ «ምነው፣ ሰርካዲስን ሆንክ?» ይሉታል። እሳቸውም ይህን ሲሰሙ ከመከፋት ይልቅ ደስ ይላቸዋል።

ከደሴ ወደ ኩታበር ሲኬድ፣ ከመንገዱ ከፍ ብሎ አንድ አፋፍ ላይ፣ የፈረሰ ገዳም አለ። ጣራውን መብረቅ በላው፤ ታቦቱ ወደ ሌላ ደብር ሄደ፤ መነኮሳቱም ተበተኑ። የቀረው ከወገብ የማያልፍ ክብ ግድግዳ፣ በውስጡም ሌላ ግድግዳ፣ ዙሪያውን ደግሞ ጥቂት ያረጁ ጽዶች ነበሩ። ዘንድሮ ቦታው መናፈሻ ሊሆን ነው ተባለ። አበባ ተተከለ፣ አግዳሚ ወንበር ተደረደረ፣ እሑድ እንደሚመረቅም ተነገረ። እማማ ሰርካዲስ ልጅ ሳሉ ከእናታቸው ጋር ለቅዳሴ የሚሆን የስንዴ ዱቄት፣ መገበሪያ፣ ተሸክመው የሚመጡት እዚህ ነበርና እሑድን መጠበቅ አቃታቸው። ሐሙስ ጠዋት በሚኒባስ ሄዱ።

ያማረውን አምሯል ማለት ደግ ነው፤ አበባው አምሯል። እማማ ሰርካዲስም የተከለውን እጅ መረቁ። ከዚያ በስተምሥራቅ ካለችው ትንሽ ፍርስራሽ ሲደርሱ አዲስ ሰሌዳ አዩ፤ «የመነኮሳት ማድ ቤት» ይላል። ሳቃቸው መጣ። አጥኚ ተብዬዎቹ ምድጃ አገኙና ወጥ የተሠራበት መሰላቸው! ይህች ቤት ቤተልሔም ነበረች፤ የቅዳሴው ኅብስት የሚጋገርባት። እናታቸው ዱቄቱን በደጇ ነበር የሚያስረክቡት።

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ማድ ቤት ካለ መመገቢያ መኖር አለበት ብለው ነው መሰል፣ ትልቁን ክብ «መመገቢያ አዳራሽ» ብለውታል። ስለዚህም ከመናፈሻው በር የተነሣው የድንጋይ ንጣፍ የውጪውን ግድግዳ ሰንጥቆ ገብቶ፣ የውስጠኛው ጥግ ደርሶ ቆሟል። የውስጠኛው መቅደሱ ነው። ከቄስና ከዲያቆን በቀር ማንም እግሩን የማያሳርፍበት። እዚያ መሀል ላይ ሙሽሮች ፎቶ የሚነሡበት የአበባ ቅስት ሊቆም ነው።

ንጣፉን የሚያነጥፈው አብዱልባሲጥ የሚባል ግንበኛ ዶማውን ተደግፎ ቆሟል።

«ይህን ግድግዳ ልታፈርሱት ነው?» አሉት።

«ከሰዓት አፍርስ ተብያለሁ እማማ። ወላሂ፣ እጄ ደስ አላለውም። አባቴ የስንቱን ቤተ ክርስቲያን ድንጋይ ሲያቀብል የኖረ ሰው ነው፤ እኔ አፍራሽ ልሁን?»

«እንግዲያው አታፈርስም፤» አሉና ጫማቸውን አወለቁ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጀርባቸውን ለመቅደሱ ግድግዳ ሰጥተው ንጣፉ ላይ ተቀመጡ።

የመናፈሻው ኃላፊ ሞላ ተጠርቶ መጣ። ከረባት ያሰረ፣ የእሳቸውን የመጨረሻ ልጅ የሚያክል ሰው ነው።

«እማማ፣ ይነሡልን። ሥራ ቆሟል።»

«ይቁም!»

«በባለሙያ የተጠና ነገር እኮ ነው።»

«ባለሙያህ መገበሪያ ተሸክሞ ያውቃል? እኔ ተሸክሜያለሁ። እኛ ሴቶች እዚህ፣ በደቡብ በኩል ቆመን ነበር የምናስቀድሰው። ከዚህ ግድግዳ ወዲያ ግን እናቴም አባቴም አልፈው አያውቁም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም፣ ልጄ።»

ሞላ ሰዓቱን አየ። «ይሁን፣ መቅደስ ነበር እንበል። አሁን ታቦት የለበትም፤ ፍርስራሽ ነው። ድንጋይ ነው።»

ይህች ቃል እማማ ሰርካዲስን አንገበገበቻቸው። በዘመናቸው ብዙ ነገር ሰምተዋል፤ እንዲህ ያለ ግን ከክርስቲያን ልጅ አፍ አልሰሙም። ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡና ከመቅደሱ በር ፈቀቅ አሉ።

«ድንጋይ ከሆነ ግባ!» አሉት። «ጫማህን እንዳደረግህ ግባና መሀሉ ላይ ቁም። ከቆምክ እኔ ቤቴ እሄዳለሁ፤ ግድግዳውንም አፍርሱት። ማርያምን፣ አንዲት ቃል አልተነፍስም!»

አፋቸው ይህን ይበል እንጂ እርግጠኛ አልነበሩም። ሰውየው ከገባ በቃ፣ አለቀ። ተናግረዋል፣ ምለዋል። አብዱልባሲጥና ሌሎቹ ሠራተኞች ሥራቸውን ትተው አፍጥጠው ያያሉ።

ሞላ ፈገግ ብሎ ተራመደ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እርምጃ። በሩ ድረስ ሄደና ቆመ። ስልኩን አውጥቶ አየ፤ የደወለ ሰው ግን አልነበረም። መልሶ ኪሱ ከተተው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የቀኝ ጫማውን ክር ፈታ፤ የግራውንም ፈታ። ሁለቱንም አውልቆ በእጁ ከያዘ በኋላ ነው ያደረገውን ያወቀው።

«ለድንጋይ ነው ያወለቅኸው?» አሉት እማማ ሰርካዲስ።

የሞላ ፊት ቀላ። በካልሲው እንደቆመ ወደ አብዱልባሲጥ ዞሮ፣ «ንጣፉን በውጪው ግድግዳ አዙረው። የተሰነጠቀውንም መልሰህ ግጠመው፤» አለው።

«አብሽር!» አለ አብዱልባሲጥ፤ ዶማውን ጥሎ መለኪያ ገመዱን አነሣ።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ አመስግኖ ይሄድ ነበር። እማማ ሰርካዲስ ግን ሰሌዳዎቹን አልረሱም። «እነዚያስ?» አሉ። ሞላ ጫማውን እያሰረ፣ ሰሌዳ በኮሚቴ የጸደቀ ነገር ስለሆነ ወደፊት እንደሚታይ ነገራቸው። እሳቸውም ምንም ሳይሉ ወደ ሚኒባሳቸው ወረዱ። የሚያውቃቸው ሰው ቢኖር ዝምታቸውን ይፈራው ነበር።

እሑድ የምረቃው እንግዶች መጡ። መንገዱ የውጪውን ግድግዳ በጽዶቹ ሥር ዞሮ ከቤተልሔሟ ደጅ ያደርሳል። «የመነኮሳት ማድ ቤት» በሚለው ሰሌዳ ሥር፣ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ የታሰረ የስንዴ ዱቄት ተቀምጧል። ከአጠገቡ እማማ ሰርካዲስ ቆመዋል። ከእንግዶቹ አንዱ ጎንበስ ብሎ አየና፣ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ሲል ሞላን ጠየቀው።

ሞላ እማማ ሰርካዲስን አያቸው። እሳቸውም ዓይናቸውን አልሰበሩለትም።

«መገበሪያ ነው፤» አለ ሞላ። «ቤቱ ቤተልሔም ነው። ክቡም ቤተ ክርስቲያን ነው። የተሳሳትነው እኛ ነን፤ ሰሌዳዎቹን ነገ እናነሣቸዋለን።»

«ዛሬ!» አሉ እማማ ሰርካዲስ።

ሞላ በእንግዶቹ ፊት ሰሌዳውን ያዘና ነቀለው። እማማ ሰርካዲስም ዱቄታቸውን አንሥተው ታቦቱ ወደሄደበት ደብር ሊያደርሱት ታጠቁ፤ ከመሄዳቸው በፊት ግን ሠላሳ አንድ ዓመት አለቆቻቸው ያላገኟትን ቃል ሰጡት።

«እሺ፤» አሉት።