ጭራ ያላት ነጥብ

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። ጊፋታ፣ የእኛ የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ አልፎ የሶዶ ጭቃ መድረቅ እንደጀመረ ነው። ይቺው ብቻ ትዝ ትለኛለች።

የሠፈራችን እድር ጠሪ ነበርኩ። ሰው ሲሞት ወይም ስብሰባ ሲኖር ጥሩምባ እየነፋሁ ዳገት ቁልቁለቱን እዞራለሁ። ጉልበቴ እምቢ ሲል ኦቶና ሆስፒታል ያየኝ ሐኪም «ዳገቱን ይተዉት» አለኝ። የእድሩ ዳኛም ጥሩምባውን እግር ላለው ሰው ሊሰጥ አሰበ። እኔ ደግሞ ያን ሥራ ስተው ምን ሆኜ እንደምውል አላውቅም።

ምራቴ ሃላሌ በምትባል ከተማ ኮምፒውተር ታስተምራለች። ለጊፋታ መጥታ ገና ሳትመለስ ነገሩን ስትሰማ፣ «አባባ፣ በእግርዎ ፋንታ በድረ ገጽ ይጥሩ» አለችኝ። ለእድሩ አንድ ገጽ ሠራች፤ አድራሻውንም በየአባሉ ስልክ ላከች። አሮጌ ላፕቶፗን ትታልኝ፣ ማስታወቂያውን የምለውጥበትን መስመር አሳየችኝ። መስመሩ የሚጀምረው በእንግሊዝኛ ቃል ነው። ስታነበው «እኮ» አለች።

«እኮ ምን?» አልኳት።

«እኮ ብቻ ነው፣ አባባ። የገደል ማሚቶ ማለት ነው። ከእሱ ቀጥሎ የጻፉትን ሰርቨሩ መልሶ ይጠራዋል።»

ሰርቨር የምትለው ሩቅ ቦታ የተቀመጠ ማሽን ነው። ገጹን የሚከፍት ሰው «እኮ»ን አያያትም፤ ትእዛዙ እዚያው ማሽኑ ዘንድ ይቀራል፣ ለሰው የሚደርሰው ጥሪው ብቻ ነው። ይሄ ገረመኝ። እኔም ከእንሰቱ ማዶ ሆኜ ስጣራ ሰው ድምፄን እንጂ እኔን መች ያያል? ገባኝ አልኩ።

ዳኛው ግን አልገባውም። «የእሑዱን ስብሰባ በዚሁ ነገርህ ጥራ። ሰው ከመጣ ጠሪ ሆነህ ትቀጥላለህ፤ ካልመጣ ጥሩምባውን ታስረክባለህ» አለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ምራቴ ወደ ሃላሌ ተመልሳለች። ብቻዬን ተቀምጬ ፊደል በፊደል ጻፍኩ፤ መስመሩን ዘግቼ ገጹን ከፈትኩ። ነጭ። እንደ ታጠበ ነጠላ ነጭ። የቀድሞው ጽሑፍ እንኳ የለም።

ባለቤቴ ከኋላዬ አጮልቃ አየችና፣ «ጥሩምባው ይሻልህ ነበር፤ እሱ ቢያንስ ያንባርቃል» አለች።

ምራቴ ጋ ደወልኩ።

«ምን ይላል፣ አባባ?»

«ምንም አይልም። ኩርፊያ ነው።»

«የጻፉትን ምልክቱ ሳይቀር ያንብቡልኝ።»

«እኮ። ጥቅስ ምልክት። ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ስብሰባ አለ። ጥቅስ ምልክት። ድርብ ሰረዝ።»

ሳቋ መጣ። «ድርብ ሰረዝ አሉኝ?»

«አዎ! መሠረተ ትምህርት ላይ ያስተማሩን እሱን ነው።»

«ልክ ነዎት። ማሽኑ ግን መሠረተ ትምህርት አልገባም። እሱ የሚያውቀው የእንግሊዝኛዋን ነው፤ ከላይ ነጥብ፣ ከታች ጭራ ያላት ነጥብ። እሷን ካላየ ነገሩ አለቀ ብሎ አያምንም።»

የእኔ ድርብ ሰረዝና የእሱ ጭራ አንድ ቁልፍ ላይ ናቸው። የቁልፍ ሰሌዳውን ወደ እንግሊዝኛ መልሼ ያንኑ ቁልፍ ስነካው ጭራ ያላት ወጣች። አንድ በር ሆኖ ሁለት ቤት የሚያስገባ ነገር እንዴት ያለ ነው? ቀኑን ሙሉ እያቀያየርኩ እነካው ነበር።

ገጹን እንደገና ስከፍተው ጥሪዬ እዚያው ቁጭ ብሏል። ባለቤቴ አንዴ አነበበችው፣ ከዚያ ጮክ ብላ ደገመችው።

እሑድ የእድሩ ድንኳን ሞላ፤ ቆሞ የዋለም ነበር። ዳኛው ስልኩን ወደ እኔ ከፍ አድርጎ፣ «ድምፅ የለህም እንጂ ሰምተንሃል» አለኝ። ጥሩምባውን አላስረከብኩም። አሁንም ጠሪው እኔው ነኝ፤ መስመር በዘጋሁ ቁጥርም ጭራዋን አጎንብሼ አያለሁ። ያን ቀን በስልክ እጄን ይዛ ያሻገረችኝም ያቺው የሃላሌዋ መምህርት፣ ምራቴ ናት።