ጀልባዋን እንደ ጎጆ ጣራ አነሳናት

ዛሬ ቡሬ ላይ ጀልባ በትከሻዬ አነሳሁ! እኔ እናገራለሁ፣ ሴት ልጄ ትጽፋለች።

ጀልባዋን የሠራት ልጄ ሞላ ነው፤ ዓባይ ወርዶ ዓሣ ሊያሰግርባት። ያለውን ሁሉ አፍስሶባታል።

የሰፈሩ ጎረምሶች ወደ ዓባይ በሚወስዳት የትራክተር ተሳቢ ላይ ሊጭኗት በገመድ ሲጎትቷት ሆዷ ድንጋይ ላይ ሲጥ አለ። ትንሽ ቢቀጥሉ ኖሮ ትሰነጠቅ ነበር።

«ቁሙ! የጎጆ ጣራ አንስታችሁ አታውቁም?» አልሁ።

«አባዬ፣ ወገብዎ ይጎዳል፣ ይቀመጡ» አለኝ ሞላ።

«ወገቤ የእኔ ነው፤ አንተ ጀልባህን ያዝ!»

መሬት ላይ ተሠርቶ በሆታ በትከሻ እንደሚነሳው ጣራ ዙሪያዋን ከበብናት። እኔ «ሆ!» ስል ሁሉም ባንዴ ብድግ! ተሳቢው ላይ ቁጭ አለች።

ሞላ ሆዷን ዳበሰ፤ አንድም ስንጥቅ የለም። ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመ።

(ዋና አልችልም፤ መጀመሪያ የምሳፈርባት ግን እኔ ነኝ።)

በእናንተስ አገር በሆታ ምን ተሸክማችሁ ታውቃላችሁ? ጻፉልኝ፣ ልጄ ታነብልኛለች።